«ድንጋይ ለወረወረ ጥይት ይገባዋል?» ከጎንደር ለደረሰን ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቡና ተፈልቶ የሰልፍ ነገር ከተነሳ ቤታችን ይታመሳል። አባቴ ‹ድንጋይ የያዘ ሰው ሰላማዊ ሰልፈኛ አይባልም፤ ፖሊስም የሰው ልጅ ነው› ይላሉ። ወንድሜ ‹ፖሊስ ሰልፍ ላይ ክላሽ ይዞ መምጣቱ ራሱ ወንጀል ነው፤ ማንንም መንካት አይችልም› ባይ ነው። ሁለቱም የሚጠቅሱት የ2008ን ክረምት ነው። አሁን አሁን መነጋገሩንም እየተዉት ነው። ሕጉ የማንን ይደግፋል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሥራዬ የሰብአዊ መብት ሕግ ማስተማር ነው። ፖሊሶችንም አሠለጥናለሁ። ስለዚህ የአባትዎንም የወንድምዎንም ክርክር በየክፍሉ እሰማዋለሁ። ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን።

ፖሊስ ሰልፍ ላይ ኃይል መጠቀም ይችላል። ጥይት ግን ሰልፍ መበተኛ አይደለም። መተኮስ የሚፈቀደው የሚተኮስበት ሰው በዚያች ቅጽበት ሌላውን ሊገድል ወይም ክፉኛ ሊጎዳ ሲል፣ ማስቆሚያ ሌላ መንገድም ሲታጣ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሰልፉ ሰላማዊ ነበር ወይስ አልነበረም?» እያሉ የሚከራከሩት አባትና ልጅ ጥያቄውን ከመነሻው ስተውታል። ሕጉ ሰልፉን በጅምላ አይመዝንም። የሚመዝነው እያንዳንዱን ዱላ፣ እያንዳንዱን አስለቃሽ ጭስ፣ እያንዳንዱን ጥይት ለብቻው ነው። ማን ላይ ተተኮሰ? ያ ሰው ያኔ ምን እያደረገ ነበር? ማን ሊሞት ነበር?

አባትዎ ትልቅ እውነት ይዘዋል። ድንጋይ ይገድላል። ከዳገት ወይም ከሰገነት የተወረወረ ድንጋይ ጭንቅላት ይፈረክሳል። ጎንደር ደግሞ ከተማው ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ከላይ የቆመ ሰው ከታች ያለውን ምን ሊያደርገው እንደሚችል ለጎንደር ሰው አይነገረውም። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ላይ ያለው ሕጋዊ መከላከል ለፖሊስም ይሠራል። ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ዝም ብሎ ይሙት የሚል ሕግ የትም አገር የለም።

አባትዎ የሚስቱት «ድንጋይ የያዘ» ብለው ይጀምሩና ሳይታወቃቸው «ሰልፈኛው» ላይ ሲደርሱ ነው። ድንጋይ የወረወረው ሰው ስም አለው፣ መልክ አለው፣ የቆመበት ቦታ አለው። አጠገቡ የቆመችው ሴት አልወረወረችም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አለ። ያንን የሚተረጉመው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በአውሮፓውያኑ 2020 ባወጣው ማብራሪያ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል፦ የጥቂቶች ጥፋት ለሌሎቹ አይተላለፍም፣ መገፋፋትና መንገድ መዝጋትም ብቻቸውን «ኃይለኛ ሰልፍ» አያሰኙም። ጎማ ማቃጠልና መስታወት መስበር ወንጀል ናቸው። ወንጀለኛው ይያዛል፣ ይከሰሳል። ሞት ግን አይፈረድበትም፤ ያውም መንገድ ላይ፣ ያለ ዳኛ።

ወንድምዎም እውነት አለው። ክላሽ ለጦር ሜዳ የተሠራ መሣሪያ ነው። ይህንን ትንሽ ላብራራው፤ ብዙ ሰው መሣሪያውን በየቀኑ እያየ ጠባዩን አያውቅምና። በክላሹ ቀኝ ጎን አንድ ረጅም ብረት አለ። ከላይ ሲሆን መሣሪያው ተቆልፏል። ወደ ታች ሲገፋ መጀመሪያ የሚያርፈው በነጠላ ተኩስ ላይ አይደለም። በተከታታይ ተኩስ ላይ ነው። ነጠላው ከዚያ በታች፣ መጨረሻ ላይ ይገኛል። አሁን አንድ ወጣት ፖሊስ ያስቡ። ሲሠለጥን የተኮሰው ጥቂት ጥይት ነው። ድንጋይ እየወረደበት ነው። ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ብረቱን አንድ ጊዜ ይገፋዋል። ቃታውን ሲስብ የሚወጣው አንድ ጥይት አይሆንም። አፈሙዙም እየተነሳ ይሄዳል። አንድ ሰው ላይ አነጣጥሮ የጀመረው ፖሊስ ከኋላ ያሉትን ሁሉ ሊመታ ይችላል። ወንድምዎ «ክላሽ ይዞ መምጣቱ» ሲል የሚፈራው ይህንን ከሆነ ትክክል ነው።

«ወደ ሰማይ ነው የተኮስነው» የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ሰማይ የሄደ ጥይት ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚተኮስ ደግሞ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው አዘንብሎ ነው የሚወጣው። እንዲህ የወጣ የክላሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ፒያሳ የተተኮሰው ዳገቱ ላይ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቢያርፍ የሚገርም ነገር የለውም። እቤቷ በረንዳ ላይ ሽሮ የምታሰጣ እናት በተባራሪ ጥይት ከተመታች «ማንም ላይ አላነጣጠርንም» የሚለው መልስ ከተጠያቂነት አያድንም። ጥንቃቄ ማጣትም በሕግ ያስጠይቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 የሚናገረው በቸልተኝነት ሰው ስለ መግደል ነው።

ወንድምዎ የሚስተው «ማንንም መንካት አይችልም» ሲል ነው። ይችላል። ፖሊስ ለአሥርት ዓመታት የተማረበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 56 እንዲህ ይላል፦ የሚያዝ ሰው በኃይል ቢቃወም ወይም ሊያመልጥ ቢሞክር ከሁኔታው ጋር ተመጣጣኝ የሆነ መንገድ መጠቀም ይቻላል። ዋናው ቃል «ተመጣጣኝ» ነው። ድንጋይ ወርዋሪውን ከሰልፉ ነጥሎ መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው። ለጥቃት የተሰነዘረ እጅን በዱላ መምታት ሊፈቀድ ይችላል። የወደቀን ሰው፣ የሚሸሽን ሰው፣ እጁን ያነሳን ሰው መምታት ግን ቅጣት ነው። መቅጣት ደግሞ የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። ጭንቅላትና አንገት ላይ በዱላ መምታት ገዳይ ሊሆን ስለሚችል እንደ ተራ ዱላ አይታይም።

አሁን ወደ 2008 እንምጣ። እኔ እንደሚመስለኝ አባትዎና ወንድምዎ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። ያ ክረምት አንድ ቀን አልነበረም።

ሐምሌ 5 ቀን የወልቃይት የአማራ ማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባል የሆኑትን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ ሲሞከር ጎንደር ውስጥ የተኩስ ልውውጥ ተደረገ። ከጸጥታ ኃይሉም ከነዋሪውም ሰው ሞተ። ያ ሰልፍ አልነበረም። የታጠቁ ሰዎች ተታኩሰዋል። የእዚያን ቀን ተኩስ የምንመዝነው ሰው ለመያዝ በሚደረግ ዘመቻና በሕጋዊ መከላከል ሕግ ነው፤ በሰልፍ ሕግ አይደለም።

ሐምሌ 24 እሑድ ነበር። ጎንደር ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ሰልፉ እውቅና የለውም ተብሎ ነበር። ሕዝቡ ግን ወጣ፣ ድምጹን አሰማ፣ ተበተነ። ቀኑ ያለ ደም አለፈ።

ነሐሴ 1 የሚቀጥለው እሑድ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሰልፍ ተደረገ፣ ተኩስ ተከፈተ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ አንድ ቀን ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ገልጿል።

እንግዲህ አባትዎ ስለ ፖሊስ መሞት ሲያወሩ የሚታያቸው ሐምሌ 5 ሊሆን ይችላል። ወንድምዎ ባዶ እጁን ስለሞተ ሰልፈኛ ሲናገር የሚታየው ነሐሴ 1 ይሆናል። ሁለቱም ያዘኑለት ሰው አላቸው። እርስ በርስ የማይደማመጡት ግን እያንዳንዱ የራሱን ቀን ይዞ የሌላውን ቀን ሊዳኝበት ስለሚሞክር ነው። ቡናው ላይ አንድ ነገር ቢያደርጉልኝ ደስ ይለኛል። ክርክሩ ሲነሳ «የቱን ቀን ነው የምትሉት? የት ቦታ? ስንት ሰዓት ላይ?» ብለው ይጠይቋቸው። ግማሹ ጠብ እዚያው ይረግባል ብዬ አምናለሁ።

«ሰልፉ ፈቃድ አልነበረውም» የሚለው ነገር በየክርክሩ ስለሚነሳ እሱንም ልመልስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ማንም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ ነፃነት አለው ይላል። ዝርዝሩ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ላይ ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት ሰልፍ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። ያሳውቃል እንጂ አያስፈቅድም። ከንቲባው ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ በ12 ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት፤ «በየትኛውም ጊዜ፣ በየትኛውም ቦታ አይደረግም» ማለት ግን አይችልም። አዋጁ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል 100 ሜትር መራቅንም ይጠይቃል። (44 ታቦት ባለበት ከተማ ይህን ደንብ አክብሮ የሰልፍ መንገድ ማውጣት በራሱ ሥራ ነው። ለዚህም ነው አዘጋጅና ፖሊስ ቀድመው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለባቸው።)

ሰልፉ ሳይታወቅ ተደርጎ ቢሆንስ? አዘጋጁ ይጠየቅበት ይሆናል። ሰልፈኛው ላይ መተኮስን ግን አያመጣም። በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሃቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መሠረታዊ መርሆዎች ይህን በደረጃ ለይተውታል። ሕጉን ያልተከተለ ግን ኃይል የሌለበት ሰልፍ ሲሆን ፖሊስ ኃይል ከመጠቀም ይቆጠባል፤ ካልሆነለት የመጨረሻውን አነስተኛ ኃይል ይጠቀማል። ኃይል ያለበት ሰልፍ ሲሆንም መሣሪያ የሚነሳው ቅድም በነገርኩዎት ምክንያት ብቻ ነው፤ ሞትን ወይም ከባድ ጉዳትን ለመከላከል። ከመተኮሱ በፊት ፖሊስ ማንነቱን ይናገራል፣ ያስጠነቅቃል፣ ሰው ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ የሚሸሽበት ጊዜ ይሰጣል።

እዚያው መርሆዎች ላይ ለአባትዎ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። መንግሥት ለፖሊሱ ጋሻ፣ የራስ ቁርና የጥይት መከላከያ ልብስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ራሱን የሚከላከልበት ያለው ፖሊስ መሣሪያ ለማንሳት አይቸኩልም። ድንጋይ ሲመጣ ጋሻውን ያነሳል። ጋሻ የሌለው፣ ከትከሻው ላይ ክላሽ ብቻ የተንጠለጠለበት ልጅ ግን ምርጫው ሁለት ነው፤ መሸሽ ወይም መተኮስ። ያንን ልጅ እዚያ ያቆመው አለቃና በጀት መዳቢ ከተጠያቂነት የሚያመልጡበት ምክንያት አይታየኝም። በሥልጠና ላይ ያገኘኋቸው ተራ ፖሊሶች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። ሁሌ የሚወቀሱት እነሱ ብቻ ናቸውና።

«ታዝዤ ነው» የሚለው መልስ ግን አያድናቸውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 74 ትእዛዙ ሕገወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ይጠየቃል ይላል። የሰው ግድያን በስም ጠቅሶታል፤ ግደል መባል ወንጀል መሆኑን ማንም ሰው ያውቃልና። ፍርድ ቤቱ ሁኔታውን አይቶ ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል። አዛዡም በአንቀጽ 73 ይጠየቃል። አንዱ መጠየቁ ሌላውን ነፃ አያወጣም።

አስለቃሽ ጭስ ከጥይት ይሻላል፣ ይህ አያጠያይቅም። ነገር ግን «ገዳይ አይደለም» ብሎ መዝናናት አይገባም። ጭስ የሚወረወረው ሰው ወደ ክፍት ቦታ እንዲሸሽ ነው። መሸሻ በሌለበት ከተወረወረ ሰው ሰውን ይረግጣል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጭስ ተተኮሰ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ሕዝቡ ተጋፍቶ ገደል ገባ። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር ከ50 በላይ ነው። እንግዲህ የጎንደርን ቅያስ ያስቡት። በግንብ አጥር መሃል የሚያልፉ ጠባብ መንገዶች አሉ፤ ሁለት ባጃጅ ተላልፎ የማያልፍባቸው። እንዲህ ያለ መንገድ ሁለቱንም ጫፍ ዘግቶ መሃል ላይ ጭስ መጣል ሰው መበተን አይባልም። ጭሱ የታሸገበት ቆርቆሮ ራሱም በቀጥታ ሰው ላይ ከተተኮሰ ዓይን ያጠፋል፣ ጭንቅላት ይሰብራል። የጎማ ጥይትም እንደዚሁ ነው፤ ከወገብ በታች፣ ያውም ጥቃት የሚፈጽመውን ሰው ለይቶ ካልሆነ አይፈቀድም።

እዚህ ላይ ስለ ጥምቀት ሳልናገር አላልፍም። በየዓመቱ ጥር 10 እና 11 ጎንደር ከየትኛውም ሰልፍ የሚበልጥ ሕዝብ ትይዛለች። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ወጣቶች ገመድ ይዘው መንገድ ይከፍታሉ፣ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ፖሊስ ከሰንበት ትምህርት ቤቱና ከወጣቶቹ ጋር ቀድሞ ተነጋግሯል። ያም ሆኖ በጥር 2012 የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። ማንም ክፉ ያሰበ አልነበረም። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ያለ ጠላትም ሞት ይመጣል። ሰልፍ ላይ ደግሞ ቁጣ ይጨመርበታል። በዓሉን ለማስተናገድ የሚደረገው ዝግጅት፣ ማለትም መግቢያና መውጫ መለየት፣ አምቡላንስ ማቆም፣ ከአስተባባሪዎች ጋር ስልክ መለዋወጥ፣ ለሰልፍም መደረግ የሚችል ነው። ይህ ከተማ እንዴት እንደሚሠራ ያውቀዋል።

የፖሊስ ጥፋት ሁልጊዜ ኃይል ማብዛት ብቻም አይደለም። መተውም ጥፋት ነው። በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ በአንድ የሃይማኖት አባት ቀብር ጊዜ በሙስሊም ነዋሪዎች ላይ በደረሰው ጥቃት ሰው ሞቷል፣ መስጊድና ሱቅ ተጎድቷል። ያን ጊዜ የብዙ ሰው ጥያቄ «ለምን ተኮሱ?» አልነበረም። «የት ነበሩ?» የሚል ነበር። የሰልፈኛን መብት የሚያስከብረው ሕግና የጎረቤትን ሕይወት የሚያስጠብቀው ሕግ አንድ ነው። ወንድምዎ ይህንን ሊዘነጋው አይገባም። ከከተማው ፖሊስን አስወጥተን ሰላም አናገኝም። በ2016 ክረምት ማብቂያ ላይ አንዲት ሕፃን ታግታ ስትገደል ጎንደር አደባባይ የወጣችው እኮ «ጠብቁን» ለማለት ነው። ጥበቃ ፍለጋ የወጣ ሕዝብ ተኩስ ሲሰማ የሚሰማው ክህደት ነው። ከዚያ በኋላ ወንጀል ሲያይ ወደ ጣቢያ ሄዶ የሚጠቁም ሰው ማግኘት ይከብዳል።

«አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለስ?» የሚል ጥያቄ አባትዎ ማንሳታቸው አይቀርም። እኛም በመስከረም 2009 እና በሐምሌ 2015 የታወጁትን እናውቃለን። በአስቸኳይ ጊዜ ሰልፍ ሊከለከል ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የማይታገዱ መብቶችን ሲዘረዝር በሕይወት የመኖር መብትን በስም አልጠራም፤ አንዳንዱ ይህን አንብቦ በአስቸኳይ ጊዜ ሁሉ ነገር የተፈቀደ ይመስለዋል። ነገር ግን ቅድም ያነሳሁት የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 4 በሕይወት የመኖር መብት በምንም ጊዜ አይነካም ይላል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጓቸዋል። ስለዚህ አዋጁ ሰልፉን ያስቆም ይሆናል። የተኩስን ሕግ ግን አይለውጥም።

ይህ ሁሉ ሕግ እያለ ክርክሩ ለምን አያልቅም? እኔ ትልቁ ሕመም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሆነው ነገር በገለልተኛ ሰው ተጣርቶ፣ ማን ምን እንዳደረገ ተለይቶ ለሕዝብ ሲነገር አናይም። የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ለተገደሉት ሰዎች ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ደረሰበት። በኋላ አገር ጥለው የወጡ የኮሚሽኑ አመራሮች እንደተናገሩት ከአባላቱ 8ቱ ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው ድምጽ ሰጥተው ነበር፤ የተቃወሙት 2 ነበሩ። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን እርምጃው ተገቢ ነበር አለ። አንድ ኮሚሽን፣ አንድ ማስረጃ፣ ሁለት መደምደሚያ። ከዚያ ወዲህ ሕዝብ አጣሪ ሲባል ባያምን አይፈረድበትም።

የ2008ቱንም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አጣርቶ በሚያዝያ 2009 ለፓርላማ አቅርቧል። በአገር ደረጃ 669 ሰው መሞቱን፣ ከዚህ ውስጥ 140ው በአማራ ክልል መሆኑን ገልጿል። የጸጥታ አባላትም ከሟቾቹ ውስጥ አሉበት። እርምጃው በአንዳንድ ቦታ ተመጣጣኝ፣ በአንዳንዱ ከመጠን ያለፈ ነበር ሲልም ደምድሟል። ይህ የቦታ ልዩነት ጥሩ ጅምር ነው፤ በጅምላ አልፈረደም። ለሟች ቤተሰብ ግን አይበቃም። የአንዱ እናት ማወቅ የምትፈልገው ስለ ክልሉ አይደለም። ልጇ ላይ ቃታ የሳበው ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ያኔ ልጇ ምን እያደረገ እንደነበር ነው።

ይህን ለማወቅ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እዚህ ላይ የአባትዎን እርዳታ እፈልጋለሁ። ጡረታ የወጡ ፖሊስ ስለሆኑ ከእኔ በላይ ያውቁታል። መሣሪያ ከግምጃ ቤት ሲወጣ ቁጥሩ ይመዘገባል። ጥይት ተቆጥሮ ይሰጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል። ማን የት እንደተመደበ የስምሪት ወረቀት አለ። የሬዲዮ ትእዛዝ የሰጠ አለቃ አለ። ስለዚህ ሠላሳ ጥይት ተረክቦ ሃያ የመለሰ ሰው አሥሩን የት እንዳደረሰ መጠየቅ ይቻላል። ከሐኪሙ የቁስል ማስረጃ ጋር ሲገጣጠም ደግሞ ብዙ ይናገራል፦ ጥይቱ ከፊት ገባ ወይስ ከጀርባ? ከጀርባ የገባ ከሆነ «ሊገድለኝ እየመጣ ነበር» የሚለው መልስ ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል። ጥሩ ፖሊስንም ነፃ የሚያወጣው ይኸው መዝገብ ነው። አባትዎ «ልጆቻችን በከንቱ ይወቀሳሉ» የሚሉ ከሆነ መዝገቡ እንዲከፈት ከሁሉም በፊት መጮኽ ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ይህን በአክብሮት ይንገሩልኝ።

ወንድምዎ ደግሞ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ካለው አይቁረጠው፣ ጽሑፍና ሙዚቃ አይጨምርበት። ዋናውን ፋይል እንዳለ ያስቀምጥ። በየገጹ ከሚዞረው ተቆራርጦ ከመጣ ቪዲዮ ይልቅ ሰዓቱና ቦታው የሚታወቅ አንድ ደቂቃ ይበልጣል። የሰዎች ፊት ያለበትን ዝም ብሎ መለጠፍ ደግሞ ራሱ ሰልፈኛውን ለአደጋ ያጋልጣል። ቀለህ ካየ አይንካ፤ የወደቀበትን ቦታ ፎቶ አንስቶ ይተወው።

ከቤተሰብ የተጎዳ ሰው ካለ መጀመሪያ ሕክምና ነው። ፖሊስም ቢሆን የተጎዳውን ሰው ወዲያው የማሳከም፣ ለቤተሰቡም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሆስፒታል ሲደርሱ ካርዱ ላይ የቁስሉ ቦታና ዓይነት እንዲጻፍ ይጠይቁ። «አደጋ» ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ። በደም የተነከረውን ልብስ አያጥቡት፤ አድርቀው በወረቀት ከረጢት ያስቀምጡት፤ ፌስታል ያበሰብሰዋል። የሞተ ሰው ካለ ቀብር ከመፈጸሙ በፊት የአስከሬን ምርመራ ይጠይቁ። ይህ ለቤተሰብ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ምርመራ ማውራት አይቻልም የሚል ሽማግሌም አይጠፋም። ቢሆንም ከተቀበረ በኋላ ማስረጃ ማግኘት በጣም ይከብዳል።

የተያዘ ሰው ካለ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት የሚያደርሰው መንገድ አይቆጠርም። የት ጣቢያ እንዳለ ካልተነገራችሁ በየጣቢያው እየዞራችሁ የጠየቃችሁበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ።

አቤቱታው ለፖሊስም ለዐቃቤ ሕግም ሊቀርብ ይችላል። ተጠርጣሪው ያው ፖሊስ ከሆነ እኔ በቀጥታ ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ እንዲሰጥና በቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም እንዲመታ እመክራለሁ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ማቅረብ ይቻላል። ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ በጽሑፍም በቃልም ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም።